ጋሼ፣ ያረጀው ጆሮዎ አይደለም

ጥያቄውን የላኩልኝ አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሳጥሬ ላስፍረው።

«በተማሪነቴ ጊዜ አየር መንገድ ይሠራ የነበረ ወንድሜ ከለንደን ‹የስ› የሚባለውን የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ሸክላ ይዞ መጣ። ‹ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ› የሚባለውን። ሸክላው የጓደኛው ስለነበር በካሴት ገልብጬ አስቀረሁት። ካሴቱ እስኪያልቅለት ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ የወጡትንም እየተከታተልኩ ኖሬያለሁ። ብዙ ሰው ያኮረፈበትን የ1983ቱን እንኳ ወድጄዋለሁ። በቅርቡ ልጄ የባንዱን ‹ሚረር ቱ ዘ ስካይ› የሚባል አልበም በስልኩ ከፈተልኝ። ደጋግሜ ሰማሁት። ምንም! ዜማው ያምራል፣ ጊታሩ ያው የስቲቭ ሃው ጊታር ነው፣ ግን ጠብ የሚል ነገር አጣሁበት። የድሮውን ስከፍት ዛሬም ይነዝረኛል። ልጄ ‹አባዬ፣ አንተ የለመድከው ድሮን ነው› ይለኛል። እውነት ጆሮዬ አርጅቶ ነው? ወይስ እነሱ ናቸው ያረጁት? የእህቴ ልጅ ለበዓል ከውጭ ትመጣለች። ሸክላውን ታምጣልኝ ወይስ ይቅርብኝ?»

ጋሼ፣ እንቅጩን ልንገርዎት። ጆሮዎ ደህና ነው። አልበሙ ላይ የጎደለ ነገር አለ። የጎደለው ግን ጉልበት ወይም ወጣትነት አይደለም። የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ክሪስ ስኳየር ነው የጎደለው። ከእሱ ጋር ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ በመሣሪያ መከራከር አብሮ ሄዷል።

እኔ ቤዝ ጊታር እየተጫወትኩ አድጌ ዛሬ ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባለች ትንሽ ስቱዲዮ ሚክስ የማደርግ፣ የተቀዱትን ድምፆች የማዋህድ ሰው ነኝ። መልሴ ወደ ቤዝ ቢያደላ አይፍረዱብኝ። የዚህን ባንድ ነገር ከቤዙ ካልጀመሩት ግን የትም አይደርሱም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

አስቀድሜ የጆሮውን ጉዳይ ልዝጋ። ዕድሜ ሲገፋ ቀድሞ የሚደበዝዘው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሲምባሉ ይርቃል፣ የዘፋኙ ‹ሰ› እና ‹ፈ› ይደበዝዛሉ። ወፍራሙና መካከለኛው ድምፅ ብዙውን ጊዜ ረዘም ላለ ዘመን አብሮን ይቆያል። ጥፋተኛው ጆሮዎ ቢሆን ኖሮ የድሮውም አልበም አብሮ ይደበዝዝብዎት ነበር። እርስዎ ግን ዛሬም ይነዝረኛል ነው ያሉኝ። በዚህ አበቃ።

የልጅዎ ነገር እውነትነት አለው። በወጣትነት ልብ ውስጥ የገባን ሙዚቃ ትናንት ከተሰማው ጋር እኩል መመዘን ከባድ ነው። ግን ልማድ ብቻ ቢሆን ያን የ1983ቱን አልበም፣ «90125»ን፣ እንዴት ወደዱት? ከድሮው ጋር እኮ በምንም አይመሳሰልም። ሃው የለበትም፣ ጊታሩን የያዘው ትሬቨር ራቢን ነው። ፕሮዲዩሰሩ ትሬቨር ሆርን ነው። ረጃጅሞቹ ዘፈኖች ቀርተው አጫጭርና ለሬዲዮ የሚሆኑ መጡ። አንዱ ዘፈን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ላይ ወጣ። የድሮ ወዳጆች «ተሸጡ» ብለው ተቆጡ። እርስዎ ወደዱት። ለምን? ከታች፣ መሠረቱ ላይ፣ ያው ስኳየር በቤዝ፣ ያው አለን ዋይት በድራም ነበሩ። የላይኛው ሁሉ ሲቀየር እነሱ አልተነቀነቁም።

ስኳየር በ1968 ከዘፋኙ ጆን አንደርሰን ጋር ባንዱን የመሠረተ ሰው ነው። በሰኔ 2015 እስኪሞት ድረስ በእያንዳንዱ የስቱዲዮ አልበም ላይ የተገኘ እሱ ብቻ ነው። አንደርሰን ሄዶ ተመልሷል። ሃው ሄዶ ተመልሷል። ኪቦርዲስቱ ሪክ ዌክማን የገባና የወጣበትን ልቁጠር ብል ይመሽብኛል። ስኳየር ግን ንቅንቅ አላለም። አለን ዋይት ደግሞ በ1972 ገብቶ ከእሱ ጋር ከ40 ዓመት በላይ ጎን ለጎን መታ። ሁለት ሰዎች ይህን ያህል አብረው ሲጫወቱ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያውቃል። የትኛው ምት ላይ እንደሚዘገይ፣ የትኛው ላይ እንደሚቀድም፣ መቼ ዝም እንደሚል ያውቃል። ይህን በወረቀት ላይ ጽፎ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይቻልም።

የስኳየር ቤዝ ለምን እንደዚያ እንደሚሰማ ልንገርዎት። ሪከንባከር የሚባል ቤዝ ነው የሚጫወተው። በጣቱ አይመታም፣ በፒክ፣ በእጅ በሚያዝ ትንሽ መምቻ ነው። ቤዙ ላይ ሁለት ፒካፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚቀበል መሣሪያ፣ አለ። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ደባልቆ ወደ አንድ አምፕሊፋየር ይልካል። ስኳየር ለያያቸው። የወፍራሙን ድምፅ ወደ ቤዝ አምፕሊፋየር፣ የቀጭኑን ወደ ጊታር አምፕሊፋየር ላከ፣ ቀጭኑንም እስኪጮህ ድረስ ከፈተው። ስለዚህ አንድ ሰው ሲጫወት ሁለት ሰው ይሰማል። ታች የሚያጉረመርም አለ፣ ላይ ደግሞ እንደ ጊታር የሚናከስ አለ። በዚያ በተገለበጠ ካሴት፣ በዚያች ትንሽ ቴፕ እንኳ ቤዙ የተሰማዎት ለዚህ ነው። ወፍራሙን ትንሿ ስፒከር ብትውጠው ቀጭኑ ይቀርልዎታል።

ሌላም አለ። ስኳየር በልጅነቱ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ከአንደርሰን ድምፅ ሥር የሚሰማው ሁለተኛው ድምፅ ብዙ ጊዜ የእሱ ነው። እሱ ሲሄድ ባንዱ ቤዝ ብቻ አይደለም ያጣው። ግማሽ ዘማሪውንም አጣ።

አሁን ወደ አዲሱ እንምጣ። ከስኳየር ሞት በኋላ ባንዱ ሁለት አልበም አወጣ፣ በ2021 «ዘ ኩዌስት»ን፣ በ2023 እርስዎ የሰሙትን። ቤዙን የያዘው ቢሊ ሸርዉድ ነው። ስኳየር ራሱ ሲታመም የመረጠው ሰው ነው፣ ጥሩ ተጫዋች ነው፣ በእሱ ላይ አንድም ክፉ ቃል የለኝም። ዘፋኙ ጆን ዴቪሰን ከ2012 ጀምሮ አለ፤ ድምፁ ንጹሕ ነው። ኪቦርዱ የጄፍ ዳውንስ ነው። አለን ዋይት «ዘ ኩዌስት» ላይ ተጫውቶ በ2022 አረፈ። «ሚረር ቱ ዘ ስካይ» ላይ የሚመታው ጄይ ሸለን ነው። አንድ በአንድ ብንመለከታቸው የሚወቀስ ተጫዋች የለም። እርስዎም «ዜማው ያምራል» ያሉት ለዚህ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? አሠራሩ ላይ ነው። «ዘ ኩዌስት» የተሠራው በኮሮና ጊዜ ነው። ሃው፣ ዴቪሰንና ዳውንስ እንግሊዝ ቀዱ። ሸርዉድና ዋይት ካሊፎርኒያ ቀዱ። ኦርኬስትራው የተቀዳው መቄዶኒያ ነው። ፋይሉ በኢንተርኔት ተላላከ። ዛሬ ዓለም እንዲህ ነው የሚሠራው። እኔም ስቱዲዮ ውስጥ ከዋሽንግተን የተላከ ሳክስፎን፣ ከሃዋሳ የተላከ ድምፅ ላይ ገጥሜ አውቃለሁ። ሊያምር ይችላል። ግን ተጫዋቹ የሚሰማው ያለቀለትን ነገር ነው። ድራመሩ መልስ ቢሰጥ ቤዙ አይሰማውም፣ ቀድሞ ተቀድቷል። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጫወትና በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላላክ ያላቸው ልዩነት ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ማቋረጥ ግን የለም። ሙዚቃ ውስጥ ደግሞ ጣዕሙ ያለው አንዱ ሌላውን ሲያቋርጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ም በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ አልበም አይደለም። በ1972 ለንደን ውስጥ አድቪዥን በሚባል ስቱዲዮ ሲሠራ ሙዚቃውን በአጭር በአጭር ቁራጭ እያጠኑ ነው የቀዱት። ከዚያ ኢንጂነሩ ኤዲ ኦፈርድ ቴፑን በምላጭ እየቆረጠ ቀጠለው። የመጀመሪያውን ገጽ የሞላው ከ18 ደቂቃ በላይ የሆነ ሙዚቃ ቁርጥራጭ ነው። ስለዚህ «የድሮው አንድ ላይ ተቀዳ፣ የአሁኑ ተቆራርጦ ተሠራ» ብለን ብንደመድም ስህተት ነው።

ልዩነቱ ያለው ከመቁረጡ በፊት ነው። እያንዳንዷ ቁራጭ አምስት ሰው በተፋጠጠበት ክፍል ውስጥ ነው የተወለደችው። ስለ አንዲት መሸጋገሪያ ሲነታረኩ ይመሻል። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው አልዋጥልህም ይላል። ድራመሩ ቢል ብሩፎርድ እጅ እጅ ስላለው አልበሙ እንዳለቀ ባንዱን ለቆ ኪንግ ክሪምሰን የሚባል ሌላ ባንድ ገባ። አስቡት፣ ባንዱ ጫፍ ላይ በደረሰበት ሰዓት! ያ ንትርክ ሰውየውን አባረረው። ግን ቴፑ ላይ ቀርቷል። እርስዎን የሚነዝርዎት እሱ ነው።

ሌላው ጉዳይ «ይቅር» የሚል ሰው ነው። ያኔ ኦፈርድ ነበር፣ ከባንዱ ውጭ የሆነ ጆሮ። በ1983 ትሬቨር ሆርን ነበር። ሁለቱን አዳዲስ አልበሞች ፕሮዲዩስ ያደረገው ስቲቭ ሃው ራሱ ነው። ሃውን እወደዋለሁ፣ እንደ እሱ ጊታር የሚናገር ሰው ጥቂት ነው። ግን ጊታሪስቱ ፕሮዲዩሰር ሲሆን «ይህቺ ሶሎ ትጠር» የሚለው ማን ነው? በእኔ ሥራ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። የራሱን ትራክ ራሱ ሚክስ የሚያደርግ ሰው ሁሉንም ይወዳል፤ ምንም መጣል አይሆንለትም። «ሚረር ቱ ዘ ስካይ» ላይ ያለው ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋው የአልበሙ ስም የተሰጠው ሙዚቃ ለእኔ ከዚህ የተነሣ ነው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ የሆነብኝ። ኦርኬስትራው ያጅባል፣ ያለሰልሳል፣ አይገዳደርም። ጉብ ሊል የሚገባውን ሁሉ ደልድሎታል።

ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎ በዕድሜ ስላዩት ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ከስቱዲዮዬ ብዙም ሳይርቅ ራስ ሆቴል አለ። በ70ዎቹ አይቤክስ ባንድ የሚጫወተው እዚያ ነበር። ዋልያስ ደግሞ ሂልተን። ምሽት በምሽት፣ ሰው ፊት፣ አንድ መድረክ ላይ። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ አይቤክስ ላይ ሰምተው ከሆነ ምን ለማለት እንደፈለግኩ ይገባዎታል። ዘፋኙን ከኋላ ሆኖ አይከተልም፤ ከጎኑ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይቀድመዋል። ቅጂው ላይ ጉድለት ቢኖር እንኳ የሚሰማው የለመዱ ሰዎች ጨዋታ ነው። ከዚያ ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሥራ አዳከመው፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን መጡ፣ የነፋስ መሣሪያዎቹ ቦታ በአንድ ኪቦርድ ተያዘ። አንድ አቀናባሪ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሙሉ አልበም ያወጣ ጀመር። በዚያ መንገድ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ሥራዎች አሉ፣ ቅንብራቸው አንጀት የሚበላ። ግን በዚያ ዘመን «ዘፈኑ ጥሩ ነው፣ የሆነ ነገር ግን ቀርቶበታል» ሲሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ አይደል? ያኔ የቀረባቸውና ዛሬ እርስዎ ያጡት አንድ ነገር ነው።

ይህን በእኔ ቃል ብቻ እንዳያምኑ፣ አንድ ነገር ያድርጉ። ከስልኩ ስፒከር ይውጡ። የልጅዎን ጥሩ ማዳመጫ ይዋሱ ወይም ሰፋ ካለ ስፒከር ጋር ይግጠሙት። መጀመሪያ ከድሮው አልበም ያንን ከ18 ደቂቃ በላይ የሆነውን ሙዚቃ ክፈቱና ወደ 8ኛው ደቂቃ አጋማሽ ይሂዱ። ሙዚቃው ይረጋጋል። ድራሙ ይጠፋል፣ ሁለት ድምፅ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይዘምራል። ስኳየርን እዚያ ይፈልጉት። 12ኛው ደቂቃ ገደማ ትልቁ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይገባል። ዌክማን ያንን ለመቅዳት ለንደን ውስጥ ሴንት ጃይልስ ክሪፕልጌት የተባለ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄዷል። ኦርጋኑ ጣሪያ ከነካ በኋላ፣ 14ኛው ደቂቃ ላይ፣ ባንዱ በአንድ ጊዜ ተንደርድሮ ይገባና የሃሞንድ ኦርጋን ሶሎ ይጀምራል። ሶሎውን ግን አይስሙት! ቤዙን ይከተሉ። አንድ ቦታ ላይ አይቀመጥም። ድራሙ ሲረግጥ ይሸሻል፣ ድራሙ ሲሸሽ ይረግጣል። ከዚያ አዲሱን ክፈቱና ያንኑ ያድርጉ፣ ቤዝና ድራሙን ብቻ ይከተሉ። ይገጣጠማሉ። በጣም በትክክል ይገጣጠማሉ። አንዱ ግን ሌላውን አያስደነግጠውም።

ስለ ፍጥነቱ ምንም አልጻፉልኝም፣ ግን «ዘገየብኝ» የሚል ስሜት ካለብዎት አንድ የካሴት ጉድ አለ። የተገለበጠ ካሴት ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ፍጥነቱን አይጠብቅም። ጎማው የላላ ቴፕ ሲቀዳ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ያንን በደህና ቴፕ ሲያጫውቱት ሙዚቃው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። እርስዎ ለዓመታት የሰሙት «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ከእውነተኛው ትንሽ ፈጠን ያለ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ ከስልኩ ላይ ዋናውን ሲከፍትልዎት ትንሽ ከበድ ካለብዎት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ደግሞም በዚህ ባንድ ማዘን ትናንት አልተጀመረም። በ1973 አራት ሙዚቃ ብቻ ያለበት፣ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ ገደማ የሆነ ድርብ አልበም ሲያወጡ ራሱ ዌክማን አልወደደውም፣ በዓመቱ ለቆ ወጣ። ያንን አልበም ዛሬ እንደ ዓይናቸው የሚያዩት አሉ። «ሚረር ቱ ዘ ስካይ»ም ከ20 ዓመት በኋላ ወዳጅ ያገኝ ይሆናል። እርስዎ ግን እስከዚያ ድረስ ራስዎን አስገድደው የሚጠብቁበት ምክንያት የለም።

አንጋፋ ሰው ጥሩ አዲስ አልበም ሊያወጣ አይችልም ብለው እንዳይደመድሙ ሁለት ነገር ልጠቁምዎት። አንደኛው የጆን አንደርሰን ነው። ከ«የስ» ከወጣ ቆይቷል፣ በ1944 የተወለደ ሰው ነው። በ2024 ባንድ ጊክስ ከሚባሉ ልጆች ጋር «ትሩ» የሚል አልበም አወጣ። ልጆቹ የድሮውን ሙዚቃ ከእሱ ጋር መድረክ ላይ ሲጫወቱ ቆይተው ነው ወደ ስቱዲዮ የገቡት። ይሰማል። ቤዙ እንደገና ይናከሳል።

ሁለተኛው የእኛው ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ኪቦርዲስት። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄዶ እሱ እዚያው ቀረ፤ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከቶኒ በክ ድራምና ከማይክ ማይኮቭስኪ ቤዝ ጋር ነበር፣ አብረውት ሲዞሩ ከነበሩ ሁለት ሰዎች ጋር። ሦስት ሰው ብቻ። ኦርኬስትራ የለ፣ ምን የለ። ሰውየው ሽማግሌ ነው፣ አልበሙ ግን እየተነፈሰ ነው። ያንን ከ«ሚረር ቱ ዘ ስካይ» ቀጥለው ቢሰሙት የምለው ሁሉ በ10 ደቂቃ ይገባዎታል።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ፣ ወደ ሸክላው። አዲሱን አያስመጡ። በስልክ ሰምተው ልብዎ ያልገባው በሸክላ አይገባም፣ ገንዘብዎንም የልጅቱንም ሻንጣ አያባክኑ። ይልቅ «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ»ን ታምጣልዎት። እስካሁን የራስዎ ኮፒ ኖሮዎት አያውቅም እኮ! ስቲቨን ዊልሰን የሚባል ሙዚቀኛ በ2013 ከዋናዎቹ ቴፖች እንደገና ሚክስ ያደረገው አለ፤ ቤዙ ከመቼውም በላይ ጠርቶ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው፣ ሲዲውም ቢሆን ይበቃል። ሸክላውን ከመረጡ ከመክፈትዎ በፊት የማጫወቻዎን መርፌ ያስመርምሩ። ለዓመታት ያልተቀየረ መርፌ አዲስ ሸክላን በጥቂት ዙር ይፍቀዋል። መርፌው እዚህ በቀላሉ ካልተገኘ የማጫወቻውን ሞዴል ጽፈው ለልጅቱ ይላኩላት፣ አብራ ታምጣው። ሻንጣ ውስጥ ሸክላውን ልብስ መሃል አቁማ ትክተተው፣ ከባድ ነገር አትጫንበት፣ ፀሐይ ላይም አይቆይ፣ ይጣመማል።